በአንድ ጆሮ የተሰማ ዓመት

ዓመቱ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የዳኛው ግራ ኤርፎን መንተባተብ ጀመረ።

ዳኛው ዳኛ አይደለም። በአንድ የመድን ድርጅት ካሳ ክፍል፣ ሦስተኛው መስኮት ላይ ተቀምጦ የተጋጩ መኪኖችንና የፈነዱ ቧንቧዎችን የሚመዘግብ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው። ዳኛው የሚባለው ኢንተርኔት ላይ ነው። በየዓመቱ መጨረሻ «የዓመቱ አሥር ምርጥ አልበሞች» የሚል ዝርዝር ያወጣል። ይህን ዝርዝር ሁለት ሺህ ያህል ሰዎች ይጠብቁታል። ግማሾቹ የሚጠብቁት ሊሰድቡት ነው፤ ቢሆንም ተከታይ ተከታይ ነው።

ቀኙ ኤርፎን ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነበር። አላሳሰበውም፤ እንዲያውም ተመቸው። አለቃው የሚቀመጡት በቀኙ በኩል ስለሆነ ቀኝ ጆሮው የመሥሪያ ቤቱ፣ ግራው የጥበብ ሆኖ ተከፋፈለ። ማታ ቤት ሲገባ ቀኙን እናቱ ትረከበዋለች። እናቱ ቤቷ ውስጥ ድምፅ ማጉያ አታስገባም። «ዘፈንህን እዚያው ጆሮህ ውስጥ ጨርሰው» ብላ ነገሩን ከዘጋችው ቆይቷል።

በዚህ ዓይነት ዘንድሮ አርባ ሦስት አልበሞች ሰምቶ፣ አርባ ሦስቱም ላይ ፈርዷል። በግራ ጆሮው።

አሁን ግን ግራውም እያጣጣረ ነው። እግሩ ጠረጴዛ ሥር ብቻውን ይሮጣል፤ የስክሪብቶውን ክዳን አኝኮ ጨርሷል። አዲስ ኤርፎን መግዛት አንድ ቀን አይፈጅም ነበር። እሱ ግን ዓመቱ በተጀመረበት ኤርፎን ካላለቀ ፍርዱ ይዛባል ብሎ ያምናል። የተማረ ሰው እንዲህ ያለ እምነት ሲይዝ መርህ ብሎ ይጠራዋል።

ከሕንጻው ደረጃ ሥር ቁም ሳጥን የምታህል የሞባይል ጥገና ሱቅ አለች። በየቀኑ በላይዋ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ገብቶባት ግን አያውቅም። ያን ቀን ገባ።

ጠጋኟ ፀጉሯን በቻርጀር ገመድ አስራ፣ አንድ ዓይኗ ላይ ማጉያ መነጽር ደፍታ፣ የስልክ ሆድ ዕቃ ላይ አቀርቅራለች።

«ማነው የሞተው?» አለች ቀና ሳትል።

«ግራው። ገና አልሞተም፣ እያጣጣረ ነው።»

«ቀኙስ?»

«ቀኙ ድሮ አርፏል። ዓመት ልናወጣለት ነው።»

«ነፍስ ይማር። አዲስ አትገዛም?»

«አይሆንም። ዓመቱን ሙሉ በሱ ነው የሰማሁት። ሚዛን መሀል ላይ አይቀየርም።»

ይኼኔ ቀና አለች። በማጉያው ውስጥ አንዱ ዓይኗ የሻይ ስኒ ያህል ሆኖ፣ ሌላው በልኩ ሆኖ አዩት። የትኛውን መልሶ ማየት እንዳለበት ግራ ገባው።

«ነጋዴ ነህ እንዴ?»

«የለም፣ ዝርዝር አወጣለሁ። የዓመቱ ምርጥ አልበሞች።» ኮሌታውን አስተካከለ። «ምናልባት ሰምተሽ ይሆናል... ዳኛው።»

መበየጃው እጇ ላይ እንደ ተሰቀለ ቀረ። ጭሱ ብቻ ወደ ላይ ይሄዳል።

ሰምታለች። እንዲያውም ከጻፋቸው ነገሮች አንዱን በቃሏ ታውቀዋለች። ከሰባት ወር በፊት «ደጅ ላይ ቆሜ» ስለሚባል አልበም እንዲህ ብሎ ነበር፦ «ዘፋኟ ዘጠኝ ዘፈን ሙሉ ትጠይቃለች፤ የሚመልስላት የለም። ባዶ ቤት የሚያንኳኳ ሰው ያሳዝናል እንጂ አያዝናናም። ግማሽ አልበም።»

ዘፋኟ የጠጋኟ ታላቅ እህት ናት። የሂሳብ አስተማሪ ስትሆን፣ አልበሙን በሦስት ዓመት ቅዳሜዎች፣ ልብስ ቤት መጋዘን ውስጥ፣ በጨርቅ ጥቅልሎች መሀል ነው የቀዳችው። ዳኛው የጻፈው ዓረፍተ ነገር እጅ ለእጅ ዞረ። ተማሪዎቿ አንድ ጠዋት ሰሌዳው ላይ «½» ብለው ጠበቋት። ያን ቀን ክፍልፋይ አስተማረች፤ ማታ አልበሙን ከኢንተርኔት አነሳችው፤ ከዚያ ወዲህ ዘፍና አታውቅም።

እህቷ ስትጠይቅ የምትመልሰው ተቀባይ ደግሞ ራሷ ጠጋኟ ነበረች። ዘጠኙንም ዘፈን መልሳለች። «የሚመልስላት የለም» የተባለችው እሷ ናት። የምትሞት እስኪመስላት አፍራ፣ ይህን ሰው ያገኘሁት ቀን ብላ ዝታ ነበር። ከዛቻዎቿ ሁሉ ቀላሉ ስልኩን መቀቀል ነበር።

አሁን ግን የኤርፎኑን መሰኪያ ሰንጥቃ ከፈተችው። የቀኙ ሽቦ ተበጥሶ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል።

«እስቲ ልጠይቅህ» አለች በዝግታ። «‹ደጅ ላይ ቆሜ›ን በምን ሰማኸው?»

«በዚሁ ነዋ።»

«በዚህ ብቻ?»

«በዚህ ብቻ።»

መበየጃውን አስቀምጣ ሳቀች። ማጉያ መነጽሩ ከግንባሯ ወልቆ እስኪወድቅ ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ ዓይኗ ያዘለውን እንባ በክንዷ ጠረገች። እሱ ምን እንዳሳቃት አልገባውም። ቢሆንም ሳቁ እንዲቀጥል ስለፈለገ አልጠየቀም።

«ነገ ና» አለችው።

በማግሥቱ ኤርፎኑን ጠቅልላ ሰጠችው። «ሁለቱም ይሠራሉ። የምትከፍለኝ ‹ደጅ ላይ ቆሜ›ን ድጋሚ በመስማት ነው። ስልክህ ላይ የለም?»

«አለ። የጠላሁትንም አላጠፋም፤ ማስረጃ ነው።»

«በል ማስረጃህን ይዘህ ሂድ።»

ከሥራ ሲወጣ አውቶቡስ ውስጥ ከፈተው። እንደሚያውቀው፣ በግራ በኩል ዘፋኟ ጠየቀች፦ በሩን ማን ዘጋው? በቀኝ በኩል አንዲት ሴት፣ «እኔ ነኝ፣ ነፋሱን ፈርቼ» አለችው። ደንግጦ ወደ ቀኝ ዞረ። አጠገቡ አንድ ባለ ጺም ሰውዬ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

ሁለተኛው ዘፈን ተጠየቀ፤ ተመለሰ። የመላሿ ድምፅ ትንሽ ሻካራ ነው። አይቸኩልም፤ በር ከመክፈቷ በፊት እጇን በጨርቅ እንደምትጠርግ ሴት ጥቂት ዘግይቶ ይደርሳል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ አወቃት። ይህ ድምፅ ትናንት «ነፍስ ይማር» ብሎታል።

የሚወርድበት ፌርማታ አለፈው። የሚቀጥለውም አለፈው። ሰውዬው ነቅቶ ወረደ፣ እሱ ግን ዘጠነኛው ዘፈን እስኪያልቅ ከመስኮቱ ጋር ተጣብቆ ቀረ። የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሾፌሩ ዞሮ፣ «ወንድሜ፣ እዚህ የምታውቀው ሰው አለ?» አለው።

«አሁን ገና አወቅኋት» አለና ወረደ።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልሆነለትም። አርባ ሦስቱንም አልበሞች እንደገና መስማት ጀመረ፤ ዝርዝሩም ዓይኑ እያየ ፈረሰ። ሁለተኛ ሊለው ባሰበው አልበም ውስጥ፣ በቀኝ በኩል ለካ አንድ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጸናጽል ሲያንቀጠቅጥ ኖሯል። አስቀያሚ ያለው ደግሞ በቀኝ በኩል ዋሽንት ነበረው። አለቃው ሦስት ጊዜ ጠርተውት አልሰማም። አንዲት ኩሽናቸው የተቃጠለባቸው ሴትዮ ቅጽ ላይ፣ «የጉዳቱ ምክንያት» በሚለው ቦታ «ነፋሱን ፈርቼ» ብሎ ጽፎ ተገኘ።

እናቱ ሁለት ቀን ታገሰችው።

«አንተ ልጅ፣ ምን ሆነሃል? ስትቀመጥ ትነሳለህ፣ ስትነሳ ትቀመጣለህ።»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ምንም ላልሆነ ነገር ነው ጫማህን ሁለቴ የቀባኸው? ስሟ ማነው?»

«አላውቅም።»

«ጉድ ነው! ስሟን ሳያውቅ ነው የመወልወያ ጨርቄን የጨረሰው!»

በማግሥቱ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ። ከበሩ ላይ ጠጋኟን ሲያያት ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት።

«አንቺ ነሽ» አለ።

«ምኑ?»

«የቀኙ።»

ጠረጴዛዋ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ስልክ ጮኸ፣ ማንም አላነሳውም።

«ዘፋኟ እህቴ ናት» አለች በመጨረሻ። «ካቆመች ሰባት ወሯ ነው። የማይክራፎኗ መቆሚያ አሁን የካፖርት መስቀያ ሆኗል። ያቺን ካፖርት ባየሁ ቁጥር ምን እንደምመኝልህ ብታውቅ እዚህ አትቆምም ነበር።»

«አስተካክለዋለሁ። ለሁሉም እጽፋለሁ። አንደኛ አደርገዋለሁ።»

«እንዳትሞክራት!» መበየጃውን እንደ አስተማሪ ጠመኔ ቀሰረችበት። «አንደኛ ካልከው ሁለተኛ ሰደብካት ማለት ነው። ለዘፈኑ ብለህ ይሁን ለኔ ብለህ፣ በምን ታውቃለች? እኔስ በምን አውቃለሁ?»

«ለሁለታችሁም ቢሆንስ?»

ማጉያ መነጽሯን ቶሎ ዓይኗ ላይ ደፋች። «ሂድ፣ ሥራ አለኝ።»

ሄደ። ከፊቷ ያለው ስልክ ተገልብጦ መተኛቱን ያየችው እሱ ደረጃውን ከጨረሰ በኋላ ነው።

ያን ሳምንት ሙሉ እየጻፈ አጠፋ። እውነቱን ከጻፈ ዳኛነቱ አበቃ፤ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጆሮ ሲፈርድ የኖረን ሰው ሁለት ሺህ ሰው ቀርቶ እናቱም አትሰማውም። አልበሙን ከፍ ካደረገው ጠጋኟ አታምነውም። ዝቅ ካደረገው ደግሞ በዚያ ደረጃ መውጣትና መውረድ አይችልም፤ ሥራ መልቀቁ ነው። አልበሙን እንደ ሌሎቹ ሁሉ ሦስት ጊዜ ሰማው፤ ከዚያ ያለ ተራ አራተኛ ጊዜ ሰማው። በመጨረሻው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከመስኮቱ ጀርባ ተደብቆ ዝርዝሩን አወጣ። መግቢያው እንዲህ ይላል፦

«ዘንድሮ አርባ ሦስት አልበሞች ላይ በአንድ ጆሮ ፈረድኩ። ኤርፎኔ ተበላሽቶ ነበር ብል ማመካኘት ይሆንብኛል፤ አንዱ ጎን እንደማይሠራ አውቅ ነበር። ያልጠረጠርኩት የቀረብኝ ነገር መኖሩን ነው። ባዶ ነው ያልኩት ቤት ውስጥ ሰው ነበረ። የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ዝቅ ብሎ ደግሞ፦ «አራተኛ፦ ደጅ ላይ ቆሜ። ሰባተኛው ዘፈን አንድ ደቂቃ ይረዝማል። ስምንተኛው ላይ ግን ሁለቱ ሴቶች ሊጀምሩ እኩል አየር ሲስቡ ይሰማል። ዘንድሮ ከሰማሁት ሁሉ ያቺን ትንፋሽ የሚያክል የለም።»

ምሽቱን ስድቡ ዘነበ። «ዳኛው ይነሳልን» ያለ አለ፤ «ሌላኛው ጆሮ መቼ ነው የሚጽፈው?» ያለ አለ። እስኪነጋ ስሙ «ግማሹ» ሆኗል። ይህ ሁሉ ሲሆን እሱ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አራተኛ። ምን ነበር ሦስተኛ ብለው! መልሶ ደግሞ ሦስተኛውን አልበም ያስታውሰዋል፤ አይሆንም፣ ሦስተኛው ይበልጣል።

ሱቋ ተዘግቶ ነበር። «እመለሳለሁ» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሎበታል፤ መቼ እንደሆነ አይልም። በቀን አምስት ጊዜ ወርዶ አነበበው። ሁለተኛው ቀን ላይ ካርቶኑ ራሱ የሚያሾፍበት መሰለው።

በሦስተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ በመስኮቱ ሥር አንድ የተሞላ የካሳ መጠየቂያ ቅጽ ተንሸራቶ ገባ። ቀና ሲል፣ ፀጉሯን በቻርጀር ገመድ አስራ ቆማለች። ያለ ማጉያ መነጽር ሁለቱም ዓይኖቿ በልካቸው ናቸው። የሚያየውን ለማመን ቅጹን ማንበብ ጀመረ።

«የተጎዳው ንብረት?» አለ።

«አልበም።»

«የጉዳቱ ዓይነት?»

«አራተኛ መባል።»

«ጉዳቱ የደረሰበት ሁኔታ?»

«አንዱ በሁለት ጆሮው ሰምቶ።»

ስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እህትሽ ምን አለች?»

«ሦስት ቀን ተናደደች። አንደኛ ብትላት ኖሮ ትስቅብህ ነበር፣ አራተኛ ስትላት ግን አበደች። ‹ሰባተኛው ይረዝማል ይላል እንዴ!› እያለች ቤቱን ዞረችው። ደጋግማ አዳመጠችው። ዛሬ ጠዋት ስነሳ ካፖርቷ መሬት ላይ ተጥሏል፣ መቆሚያው የለም።»

«የት ወሰደችው?»

«መጋዘን ነዋ። ሰባተኛውን ልታሳጥር።»

ሊስቅ ፈልጎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጎንበስ ብሎ ወደ ቅጹ ተመለሰ፤ አንድ ባዶ መስመር ቀርቷል።

«የሚጠየቀው ካሳ?»

«ከኛ በላይ የተቀመጡትን ሦስቱን ታሰማኛለህ። አንድ በአንድ። የት ላይ እንደሚበልጡን እያሳየኸኝ።»

«ሦስቱ ካለቁ በኋላስ?»

«አሥረኛው ድረስ አለ» አለች፣ ጣቷን በመስኮቱ መስታወት ላይ እያሽከረከረች። «የሚመጣው ዓመትም አለ።»

አለቃው በቀኝ በኩል አንገታቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ችግር አለ?»

«የለም ጌታዬ። ካሳው ተፈቅዷል።»

በምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀመጡ፣ ልክ ከሱቋ ጣሪያ በላይ። ኤርፎኑ አንድ ነው። ሁለቱም ጎኖች ይሠራሉ፤ ግን ጆሮዎቹ አራት ናቸው። ቀኙን ለራሱ አድርጎ ግራውን ሰጣት።

«ይኸው፣ ደግሞ ግማሽ ግማሽ» አለች።

«ዘንድሮ የምጠይቃት ሰው አለችኝ።»

ሦስተኛውን አልበም ከፈተ። በሱ በኩል ከበሮ ብቻ ነው የሚሰማው። በሷ በኩል ግን አንድ ነገር መጣ፤ ፊቷ ሲለወጥ፣ ከንፈሯ ሳታስበው ሲከፈት አየ።

«ምንድነው? አንቺ ጋ ምን አለ?»

«ቆይ፣ ልንገርህ» አለችና ተጠጋች፤ ዓመቱን ሙሉ የጥበብ ብቻ ወደነበረው ወደ ግራ ጆሮው ጎንበስ ብላ ትነግረው ጀመር።

ፎቅ ላይ አለቃው ጠሩት። ደግመው ጠሩት። አልሰማም፤ ሁለቱም ጆሮዎቹ ተይዘው ነበር።