የተለጠፈው ደብዳቤ

ልጅህ ለጓደኛው በቀልድ በጻፋት አንዲት መስመር ነፍሰ ገዳይ ቢባልብህ ምን ትላለህ? «ደግ አደረጉ፤ ይሰቀል» ትላለህ? ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ክፍለ ከተማ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰው ሁሉ ያለው ይህንኑ ነበር።

የአማርኛ መምህሩ ደጉ ማለዳ በክፍሉ ውስጥ ተገድሎ ተገኘ። ከዴስክ የተነቀለ ብረት የራስ ቅሉን ገምሶታል፤ ጥርሶቹ ሲሚንቶው ላይ ተረግፈዋል። ሰሌዳው ላይ የትናንቱ ትምህርት በእጁ ጽሕፈት እንዳለ ነው፦ «ለጓደኛ የሚጻፍ ደብዳቤ»። ተማሪዎቹ የጻፏቸው ደብዳቤዎች ደሙ ውስጥ ተበትነዋል፤ አንዱ ግን ተከፍቶ ደረቱ ላይ ተቀምጧል። «ቲቸር ደጉ በቤት ሥራ ጨረሰን፤ አንድ ቀን አንገቱን እሰብረዋለሁ» ይላል። የጻፈው ገመቺስ የሚባል ተማሪ ነው።

ኢንስፔክተር ድርቤ ስትደርስ ገመቺስን በሩ ላይ አጋድመው ይረግጡታል። ከረጋጮቹ ግማሹ መምህራን ነበሩ። አዎ፣ መምህራን! ዲግሪ የያዘ እግር ሲረግጥ የሚለሰልስ የሚመስለው ካለ የልጁን ፊት ይጠይቅ።

«ልቀቁት!» ሽጉጧን ስትመዝ ተበተኑ።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ባሕሩ ቀረበ። «አዴ ድርቤ፣ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? ደጉ ትናንት ደብዳቤውን ይዞ ቢሮዬ መጥቶ ነበር። ‹ይሄ ልጅ ሊገድለኝ ነው› ብሎኛል።»

«ደብዳቤውን አሳይቶዎታል?»

«ቃል በቃል አነበበልኝ እንጂ!»

ርዕሰ መምህሩ ታፋ ላቡን ጠረገ። «ነገሩን ቶሎ ብንዘጋው ይሻላል፤ የትምህርት ቤቱ ስም አለ።»

«የሞተው ስም አይደለም፣ ኦቦ ታፋ» አለችውና ወደ ልጁ ሄደች። ገመቺስ ግድግዳ ተደግፎ ደም ይተፋል።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ፣ አዴ። ግን ቀልዴን ነው። ቲቸር ራሱ ‹ለጓደኛ ስትጽፉ እንደ ማመልከቻ አታድርቁት፤ እንደምታወሩት ጻፉ› አለን። እኛ ደግሞ እንደዚህ ነው የምናወራው።»

«ቢያነበውስ? አልፈራህም?»

«እሱ አያነብማ!» በተሰነጠቀ ከንፈሩ ሊስቅ ሞከረ። «የሚያርመው ከላይ ያለውን ብቻ ነው፤ አድራሻውን፣ ቀኑን፣ ሰላምታውን። ሌላውን ወደ ውስጥ አጥፈን በሙጫ ለጥፈን ነው የምንሰጠው። ‹የጓደኛ ምስጢር ማርክ አይሰጠውም› ይላል። ከዚያ በሣጥን ሰብስቦ ፖስታ ቤት ይወስድልናል።»

ድርቤ ደብዳቤውን ወደ መስኮቱ ወስዳ አገላበጠችው። የተቀደደውን ጠርዝ አተኩራ አየችው።

በማግስቱ ወላጁም መምህሩም ተማሪውም አዳራሽ ተሰበሰበ። ድርቤ መሃል ቆመች።

«ኦቦ ባሕሩ፣ ደጉ ይህን ደብዳቤ እንዳነበበልዎ ነግረውኛል። ደጉ ግን ውስጡን አያነብም ነበር። ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም። ክፍሉን ረግጦ የማያውቅ አለቃ ግን ላያውቅ ይችላል።»

ተማሪዎቹ አጉረመረሙ።

«ያን ቀን አነበበ!» ባሕሩ ጮኸ። «ሰው ልማዱን አይተውም እንዴ?»

«እሺ፣ ተወ እንበል። ታዲያ ይህን ተመልከቱ።» ወረቀቱን ከፍ አደረገችው። «ሙጫው ሲላቀቅ ወረቀቱ ተቀድዷል፤ ደሙም የተቀደደውን ጠርዝ ተከትሎ ተጎትቷል። የከፈተው እጅ ሲከፍት ደም ነበረበት። ደብዳቤው እስከዚያ ድረስ እንደተለጠፈ ነበር ማለት ነው። ደጉ ከመሞቱ በፊት ከየት አንብቦ ነገረዎት? ገመቺስስ የራሱን ደብዳቤ ቀድዶ ‹ገዳዩ እኔ ነኝ› ብሎ ሬሳው ላይ ትቶ ይሄዳል?»

«አሻራዬን አገኘሽ?»

«አሻራው ተንሸራቶ ጠፍቷል። ምላስዎ ግን አልጠፋም። ተለጥፎ የነበረውን ደብዳቤ ‹አነበበልኝ› ብሎ ልጁን ሊያሰቅል የሚዋሽ ማን ነው? ገዳዩ ብቻ።» ወደ ተማሪዎቹ ዞረች። «ገዳዩ የመጣው ግን ይህን ደብዳቤ ፈልጎ አልነበረም። ሁላችሁም ደብዳቤያችሁን ውሰዱ።»

ደም የነካቸውን ወረቀቶች ከጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ አነሱ። ሌንሳ የምትባል ተማሪ ብቻ ባዶ እጇን ቀረች።

«ለማን ጽፈሽ ነበር፣ የኔ ልጅ?»

«ሲሬ ላለችው ጓደኛዬ፣ ለዱረቲ» አለች። «ወንድሟ ቀነአ እዚህ ነበር የሚማረው። ‹ከደረጃ ወድቆ ሞተ› ተብሎ ተቀበረ። አልወደቀም። ባሕሩ በዱላ ጭንቅላቱን ሲመታው አይቻለሁ። ያንን እያለቀስኩ ስጽፍ ባሕሩ በመስኮት አየኝ፤ ሲመታው እንዳየሁት ያውቃል።»

«ኦቦ ባሕሩ፣ ደጉን የደብዳቤውን ሣጥን አምጣ አሉት፤ ደጉ የልጆቹን ምስጢር አልሰጥም አለ» አለች ድርቤ። «ስለዚህ ገደሉት። የሌንሳን ወሰዱ፤ ከቀሩት መካከል ደግሞ የሚያስወነጅሉትን ሰው ፈለጉ።»

ባሕሩ ዘልሎ የልጅቷን ጉሮሮ አነቀ። ድርቤ በሽጉጧ ሰደፍ ፊቱን መታችው፤ አፍንጫው ተሰብሮ ወለሉ ላይ ተዘረረ። ካቴናው ተጠረቀበት።

ሌንሳ አንገቷን ይዛ ቀና አለች። የተመለከተችው ግን ባሕሩን አልነበረም፤ በጓሮ በር ሊወጣ የነበረውን ታፋን ነው።

«ዳይሬክተር! ያየሁትን በማግስቱ ቢሮዎ መጥቼ ነገርኩዎት። እርስዎ ግን ‹ወድቆ ነው› ብለው ፈረሙ። ያኔ ቢናገሩ ቲቸር ደጉ ዛሬ ያስተምረን ነበር። የቀነአ እናት እዚያ ተቀምጣለች። ልጇ እንዴት እንደሞተ ለእሷም፣ ለዚህ ሁሉ ሰውም ይንገሩ። አሁኑኑ ይመልሱ!»