«እመቤቲቱ ተኝተዋል»

ሟርት፣ ምልክት፣ የሙት መንፈስ ሲሉኝ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ያደግኩት ወንጌል አማኞች ቤት ነው፣ የተማርኩት ደግሞ ሩሲያ፣ እዚያ አምስት ዓመት እርሻ ሳጠና ከብርዱ በቀር ያስፈራኝ ነገር አልነበረም፣ እመኑኝ። አሁን ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ ዳር ኦሬንጅ ፋርም የሚባል ሰፈር፣ ስፓዛ በሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ውስጥ ዳቦና የስልክ ካርድ የምሸጥ፣ ወገቤን የሚያመኝ፣ ስልሳን የተጠጋሁ ሰው ነኝ። ተረት ለመፍጠር አቅሙም የለኝ።

ያኔ ሐሳቤ ሁሉ አገር ቤት ሆሳዕና ነበር፣ እናቴ ሳል ጸንቶባት ታማለች። የጥገኝነት ወረቀቴ ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ ከወጣሁ አበቃለት፣ ተመልሼ አልገባም፣ ሱቁም ይቀራል። ከባሰባት ግን ሁሉንም ጥዬ እሄዳለሁ ብዬ ለእህቴ ለአልማዝ ነግሬያት ነበር፣ እሷም በደወልኩ ቁጥር «ደህና ናት፣ አሁን ተኝታለች» ትለኛለች፣ እንዲህ እያለች ሦስት ሳምንት አለፈ።

በዚህ መሀል ጆሃንስበርግ ከተማ ውስጥ ጀፕስታውን፣ ለሱቄ ዕቃ የምገዛበት ነጋዴ፣ ሩሲያኛ የሚያነብ ሰው የሚፈልጉ አሮጊት አሉ አለኝ። ወይዘሮ ቬራ ይባላሉ፣ አያታቸው ሩሲያ ገጠር ትልቅ ርስት የነበራቸው መኳንንት ነበሩ፣ ከዚያ ሁሉ ርስት የተረፈው አራት ካርቶን ወረቀት ነው፣ እሳቸው ደግሞ እዚሁ ጆሃንስበርግ ተወልደው ቋንቋውን አያውቁትም። የአረጋውያን ቤት ከመግባታቸው በፊት ካርቶኖቹ ውስጥ ያለውን ማወቅ ፈለጉ፣ እኔም ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ሱቁን ለባልንጀራዬ እየተውኩ፣ ሁለት ታክሲ እየቀያየርኩ መሄድ ጀመርኩ።

በሦስተኛው ሐሙስ የርስቱን መዝገብ እያነበብኩ ነው፣ ስንት ጋሪ ድርቆሽ ገባ፣ የትኛዋ ላም ወለደች፣ ዓይን የሚያዝል ነገር። አንድ ገጽ ላይ ስደርስ «ለእመቤቲቱ ቀብር ሻማና ጥቁር ጨርቅ» ይላል። የርስቱ አስተዳዳሪ፣ ለሕክምና ውጭ አገር ለነበሩት ለወይዘሮ ቬራ አያት በየሳምንቱ ይጽፍ ነበርና፣ ስለ እመቤቲቱ፣ ስለ አያትየው እናት ሞት ምን ብሎ እንደጻፈላቸው ለማየት ደብዳቤዎቹን ፈለግኩ። ከቀብሩ በኋላ የተጻፉት ሰባቱም «እመቤቲቱ ደህና ናቸው፣ አሁን ተኝተዋል» ይላሉ። ይሄ ሰውዬ ሆሳዕና ነው እንዴ ያደገው ብዬ ሳቅኩ፣ እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርማ፣ ሽማግሌ ተልኮ በማለዳ በር ይንኳኳል እንጂ፣ እስከዚያ ሟቹ ደህና ነው።

ሳቄን ሳልጨርስ ከበላዬ ደወል ሰማሁ፣ የታመመ ሰው አስታማሚውን የሚጠራባት ዓይነት ትንሽ የእጅ ደወል። ደግማ ጮኸች፣ ከዚያ እግሩን የሚጎትት ሰው ኮቴ ተከተለ። ፎቅ ላይ ማን አለ ብዬ ወይዘሮ ቬራን ጠየቅኳቸው፣ እሳቸውም ከሹራብ ሥራቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«ቤቱ ፎቅ የለውም እኮ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፣ ከበላያችን ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው። ያኔ የአልማዝ «ተኝታለች» ትዝ አለኝ፣ ግቢ ወጥቼ ደወልኩላት። ስልኩን ያነሳችው ግን እናቴ ናት፣ ራሷ፣ በዚያ በማውቀው ዝግ ባለ ድምፅ። እልል ማለት ነው የቀረኝ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ ልምጣ ወይ ስላት አላስጨረሰችኝም።

«አልማዝን እንዳትቆጣት» አለችኝ፣ «አትንገሪው ያልኳት እኔ ነኝ።»

ምኑን ብዬ ሳልጠይቅ መስመሩ ተቋረጠ። እኔ ሞኙ፣ የደበቁኝ የበሽታዋን ክብደት ነው፣ አሁን ግን ተሽሏታል ብዬ ደስ እያለኝ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ገና ዳቦ ሳይመጣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አራት ሆነው በሩን አንኳኩ። አንገታቸውን ሲደፉ ገባኝ። እናቴ ካረፈች ሦስት ሳምንት ሆኗታል፣ ተቀብራለች፣ ለቅሶውም አልቋል። ትናንት አነጋግሬያታለሁ እኮ አልኳቸው፣ ሐዘኑ ነው ብለው እርስ በርስ ተያዩ፣ አልፈረድኩባቸውም።

አልማዝ ስደውልላት እያለቀሰች ነገረችኝ፣ እናቴ ልትሞት ስትል እጇን ይዛ፣ «ከሰማ ሁሉን ጥሎ ይመጣል፣ ወረቀቱን ያጣል፣ ከቀበራችሁኝ፣ ለቅሶውም ካለቀ በኋላ ንገሩት፣ አደራ» ብላታለች። ይህን ከሁለቱ በቀር የሰማ ሰው የለም። አልማዝ «ሐሙስ ዕለት ስልኩ ከእጄ አልወጣም፣ አልጮኸምም» ትላለች፣ እኔ ስልክ ላይ ግን ጥሪው አለ፣ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ።

ልቆጣት እፈልጋለሁ፣ አልዋሻችሁም፣ እናቴን ሳልቀብር ያስቀረችኝ እሷ ናት፣ ይህም እስክሞት አይወጣልኝም። ግን በደወልኩ ቁጥር የምናገራትን ይዤ አፌን ስከፍት፣ ከኋላዋ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ሲያስል እሰማለሁ። ማን አለ እላታለሁ። ብቻዬን ነኝ ትለኛለች።