የፏፏቴው መንገድ

ኢልሳ የመጨረሻውን ሚስማር መትታ አቅጣጫ ጠቋሚውን ሰሌዳ ከዛፉ ጋር እንዳጣበቀች ቀና አለች፤ መዶሻው እጇ ላይ መሆኑንም ረሳችው። በሞቃቱ ወራት ሲያጓራ የምታውቀው ፏፏቴ ከቋጥኙ ጫፍ እስከ ሐይቁ ድረስ ሰማያዊ በረዶ ሆኖ ቀጥ ብሏል። ጆሮዋን ስታስጠጋ ግን ውስጥ ለውስጥ ውሃው አሁንም ሲወርድ ይሰማታል። ሰውነቷን ውርር አደረጋት። እንዲህ ያለ ነገር እያለ ሰው እንዴት ቤቱ ይቀመጣል፣ አለች በልቧ።

ኢልሳ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ሞተር ነጂዎችን ማኅበር መንገዳቸውን እስከ ፏፏቴው እንዲያደርሱት ሁለት ክረምት ሙሉ ስትነዘንዝ ኖራለች፤ ካርታቸው የድሮውን የእሳት መጠበቂያ ማማና የእንጨት ቆራጮቹን ሰፈር እንጂ ፏፏቴውን አያውቀውም። ዘንድሮ የመንገድ ኃላፊው አጎቷ ሬይኖ በስንት ልመና እሺ አለ። ነገ ጠዋት ሠላሳ ሞተር በረዶ የሆነውን ሐይቅ አቋርጦ ይመጣል። ለእሷና ለክፍል ጓደኛዋ ለኮርቢን የቀረችው ከደሴቲቱ እስከ ፏፏቴው ያለችው የሐይቁ ጠባብ ሰርጥ ብቻ ነበረች፤ በየሃምሳ እርምጃው የበረዶውን ግግር መሰርሰር፣ ውፍረቱን ለክቶ ካርድ ላይ መጻፍ፣ ከዚያ ችካል መትከል። ሰርጧን ኮርቢን ወሰደ፤ እሷ ሰሌዳውን ይዛ በጫካው ዳር ዳሩን መጣች።

ከቋጥኙ ላይ ሆና ችካሎቹን ቁልቁል ስታይ መጀመሪያ ደስ አላት። ወዲያው ግን አንድ ነገር ከነከናት። ግግር ሲሰረሰር ውሃ ገንፍሎ በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን በረዶ ያረጥባል፤ ግራጫ ክብ ይቀራል። ከደሴቲቱ ወዲያ ባሉት ችካሎች ሥር ክቡ አለ። ሰርጧ ላይ ባሉት በስድስቱ ሥር በረዶው ነጭ ነው።

ወደ ዳርቻው ወርዳ ኮርቢንን ሞተሩ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ካርዱን ተቀብላ አየች። አሥራ አንድ ኢንች፣ አሥራ አንድ ኢንች፤ ስድስት ጊዜ።

«አልሰረሰርክም፣ አይደል?»

«አታካብጂ ባክሽ» አለ ዓይኑን ሰበር አድርጎ። «ደሴቲቱ ጋ አሥራ አንድ ነው፤ እዚህ ምን የተለየ ይሆናል? ጣቴ ደንዝዞ መሰርሰሪያውን መያዝ አቃተኝ። ደግሞ ፏፏቴ ፏፏቴ ስትይ የከረምሽው አንቺ ነሽ።»

እውነቱን ነው። አሁንም ልቧ እዚያው ነው። ሰርጧ ከተዘጋች ፏፏቴው ዘንድሮም ካርታው ላይ አይገባም፤ ሬይኖ ለከርሞ እሺ ማለቱንም እንጃ።

መሰርሰሪያውን አንስታ ወደ መጀመሪያው ችካል ሄደች። ገና ጥቂት እንዳዞረችው ሰመጠና ውሃው ገነፈለ። ለካችው፤ አራት ኢንች። እግረኛ ይሸከማል፣ ሞተር ግን አይሸከምም። ከሥሯ ውሃው እየተጣደፈ ሲያልፍ ይሰማታል፤ ያው የፏፏቴው ውሃ ነው። ፈራች፤ መደነቋም አብሮ አለ።

ኮርቢን አጠገቧ መጥቶ ቀዳዳው ላይ ጎንበስ አለ።

«ነገ ከፊት የምትነዳው እናቴ ናት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ኢልሳ ካርዱንና እርሳሱን ሰጠችው፤ የሐሰቱን ቁጥር ራሱ እንዲሰርዘው ፈለገች። ጓንቱን እስኪያወልቅ ግን አልጠበቀችም። ችካሉን በሁለት እጇ ጨብጣ ነቀለችውና፣ የሚመጣ ሁሉ መንገዱ ዝግ መሆኑን እንዲያውቅ፣ አግድም አጋደመችው።