ከበሩ ወዲያ የጠራኝ ድምፅ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ልክ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። ዓይኔ የአውሮፕላኑ ሰዓት ላይ ተተክሎ ስለነበር አልረሳውም።

የምነግራችሁ በራሴ የደረሰውን ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ...

እኔና ታላቅ ወንድሜ ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖች ነበሩን። ከተራራው ማዶ ላሉ ከተሞች ፖስታና መድኃኒት እናመላልሳለን።

መንገዳችን በሁለት ተራሮች መካከል ባለ ጠባብ ክፍተት ነው የሚያልፈው። «በሩ» እንለዋለን። ደመና ከሞላው ማለፍ የለም።

ስለዚህ ልማድ ነበረን። እሱ ቀድሞ ይነሳል፤ እኔ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እከተላለሁ። በሩን እንዳለፈ በሬዲዮ ይነግረኛል። ከበሩ ወዲያ ቀይ ጣሪያ ያለው ትምህርት ቤት አለ። «ጣሪያውን አየሁት» ካላለኝ፣ ክፍት ነው ቢለኝም አልገባም።

ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው።

የዚያን ቀን ትንበያው አራት ሰዓት ሳይሞላ ደመናው በሩን ይዘጋል ይላል። ለነገ እናሳድረው አልኩት። «አንተ እኮ ጃንጥላ ይዘህ ነው መብረር ያለብህ» ብሎ ሳቀብኝ።

እናታችን ግን አልሳቀችም። «ትንሹን አደራ» አለችው።

«ሳላይ አላስገባውም፣ እማዬ።»

ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳ። እኔ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ተከተልኩ። እሱ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ በሩን አልፎ መጥራት ነበረበት።

አልጠራኝም።

ተራራው ከልሎት ይሆናል አልኩ...

በሩ ጋ ስቃረብ ከፊቴ ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። ልክ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ፣ ልመለስ መሪውን ማዞር ስጀምር፣ በሬዲዮው...

«ትንሹ...»

በዚህ ስም ከቤታችን ሰው በቀር የሚጠራኝ የለም። እፎይ አልኩ።

«የት ጠፋህ፣ ጋሼ?»

«በሩ ክፍት ነው... ግባ።»

ድምፁ የረጋ ነው። በጣም የረጋ። ከኋላው የሞተር ድምፅ አይሰማም።

«ከፊቴ ዝግ ነው እኮ።»

«ላንተ ነው የሚመስልህ። ዝም ብለህ ግባ።»

እሱ ግባ ብሎኝ ያልገባሁበት ቀን የለም። ወደ ነጩ አቀናሁ። ክንፎቼ ጠፉ...

ከዚያ ደንቡ ትዝ አለኝ።

«ጣሪያውን አየኸው?»

ደግሜ ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ጣሪያውን አየኸው ወይ?»

«አንተን አየሁህ» አለኝ። «ትንሽ ነው የቀረህ...»

መሪውን እንዴት እንዳዞርኩት አላውቅም። ከክንፌ ሥር ጥቁር ቋጥኝ አለፈ። ስንጥቁ ላይ የበቀለውን ሣር ሳይቀር አየሁት።

እስካርፍ ድረስ ይጠራኝ ነበር። አይቆጣም። ልጆች ሳለን ለጨዋታ እንደሚጠራኝ...

በሦስተኛው ቀን አገኙት። ልናነሳው ስንሄድ ቋጥኙን ገና ከሩቅ አወቅኩት። ያ ሣር ስንጥቁ ላይ አለ። ወንድሜ ከሥሩ ነው የተኛው። በሩን አላለፈም።

የእጅ ሰዓቱ ሁለት ከአርባ ላይ ቆሟል።

ለቅሶው ላይ እናታችን እጄን ይዛ ወንድሜ ምን ብሎ እንደመለሰኝ ጠየቀችኝ።

«ተመለስ አለኝ» አልኳት።

ለለቀስተኛው ሁሉ «አደራዬን ጠብቆልኝ ነው የሞተ» ትላለች። አጠገቧ ተቀምጬ ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ። እንባዬ ግን እምቢ ይለኛል። የሞተ ወንድም ይለቀስለታል፤ እያየ ወደ ቋጥኝ የጠራ ወንድም ምን ይባላል?

አውሮፕላኔን ሸጥኩት። ለገዛው ሰው ስለ ወንድሜ ምንም አልነገርኩትም።

ባለፈው ሳምንት ገዢው ደወለልኝ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠኝም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ትንሹ የሚባለው ማነው?»