አንድ ሰው የምትይዘው ጀልባ

መጋረጃ ሰፊዋ ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው መስኮቱን ነው፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሜትሯን እንደ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ትዞራለች፣ ትለካለች። የሱቁ ባለቤት እትዬ፣ ሥራ ባስጀመሯት ቀን፣ አንድ ነገር አጥብቀው ነግረዋታል። «የቱ ይሻለኛል ብሎ ለሚጠይቅሽ ሰው ለቤቱ ልክ የሚሆነውን ንገሪው። አንቺ የወደድሽውን ለራስሽ ያዢው።» ይህንኑ ይዛ ብዙ ቤት አሳምራለች፤ አንድም ደንበኛ ተቀይሟት አያውቅም።

ጥርስ ሠሪው ወደ ሱቁ የገባው ሰማዩ ሲያጉረመርም በዋለበት ቀን ነው። ጫማውን በሩ ላይ አራገፈና ጥቅልል ወረቀት በብብቱ ይዞ ቆመ።

«ለሳሎን ነው ለመኝታ ቤት?» አለችው።

«ለጀልባ» አላት።

እትዬ ከጨርቁ ክምር ጀርባ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ለመሆኑ ባሕሩ የት ነው ልጄ? ጓሮህ ነው?»

«ሐይቁ እንኳ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው» አለ ሳይቀየም። «ጀልባዋ ግን የምትሠራው ቤት ውስጥ ነው። እናቴ ሳሎን። ነፋስ የሚገፋውን ሸራዋን እንድትሰፉልኝ ነው የመጣሁት።»

ሥራው ለሐኪሞች ሰው ሠራሽ ጥርስ ማዘጋጀት ነበር። ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ የሚሞርደው ነገር ከጣት ጫፍ አይበልጥም፤ ሲያልቅም የማያውቀው ሰው አፍ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። «አንድ ጊዜ እንኳ» አላት ወፍራሙን ጨርቅ በጣቶቹ እየዳበሰ፣ «የሠራሁት ነገር እኔን ይዞኝ ቢሄድ ብዬ ነው።»

ያን ምሽት ይህ ንግግሩ አብሯት ቤት ገባ።

ከዚያ በኋላ ሥራው መመላለስ ሆነ። ዛሬ ናሙና ሊያይ፣ ነገ ስለ ክር ሊጠይቅ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ያየውን ናሙና እንደገና ሊያይ። «ይሄ ልጅ ጨርቃችንን በዓይኑ ጨረሰው» ይላሉ እትዬ፤ «ጨርቁን ከሆነ የሚያየው ማለቴ ነው።»

ሁለት ፕላኖች ነበሩት። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ይዘረጋቸዋል። ትንሿ ጀልባ አንድ ሰው ብቻ ትይዛለች። ትልቋ ባለ ሁለት መቀመጫ ናት፤ አንዱ ከኋላ መሪውን ይይዛል፣ ሌላው ከፊት ተቀምጦ የሸራውን ገመድ ይስባል። መጋረጃ ሰፊዋ ያችን የፊት መቀመጫ ባየች ቁጥር ዓይኗን ትሰብራለች። ስንት ጊዜ ተቀምጣባታለች! የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ ነጭ መጋረጃ ጉልበቷ ላይ ሲፈስ፣ መሪውን የያዘው ሰው ከጀርባዋ ሲተነፍስ ይሰማታል።

እሱ ግን ለመምረጥ ፈራ ተባ እንዳለ ሰነበተ። በመጨረሻ፣ «እሑድ መጥተሽ ክፍሉን ብትለኪልኝስ?» አላት።

በሩን የከፈቱላት እናቱ ናቸው። «ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ሶፋዬ ወደ ኮሪደር ተባሯል፤ እኔም ተራዬን እየጠበቅኩ ነው።» እየሳቁ ወደ ማድ ቤት ገቡና ሆን ብለው ይመስላል በሩን ዘጉት።

እሱ የሜትሩን አንድ ጫፍ፣ እሷ ሌላውን ይዘው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወጠሩት። ባዶው ሳሎን ትንፋሽ ሳይቀር ያስተጋባል።

«እንግዲህ አንቺ ምረጪልኝ» አላት። «ትንሿ ወይስ ትልቋ?»

«እኔ ስለ ጀልባ ምን አውቃለሁ?»

«አንቺ ያልሻትን ነው የምሠራው።»

ቀና ስትል ዓይኑ እሷ ላይ ነው፤ ቁጥሩን ዞር ብሎም አላየው። «ትልቋ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ። ግን የወደደችውን ለራሷ መያዝ የለመደች ልጅ ናት። ጎንበስ ብላ ሜትሩን አነበበች።

«ልክ የምትሆነው ትንሿ ናት። ትልቋን ይሄኛው ግድግዳ አያስገባትም።»

«ግድግዳው ባይኖርስ?»

«አለ እኮ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ለራሷም ጆሮ አላማረም።

ከዚያ የትልቋን ፕላን ቀስ ብሎ አጠፈ፣ እንደገናም አጠፈ፣ ኪስ የሚገባ እስኪሆን ድረስ አጠፈው። «እሺ» አለ። «ትንሿ ትሁን።»

ከዚያ ወዲያ ሱቁ ድርሽ አላለም። የሸራውን ልክ እንኳ በሰው ላከ።

ሸራ እንደ መጋረጃ አይደለም። መጋረጃ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ይሰፋል፤ ሸራ ግን ነፋስ ሲገባበት ሆዱ እንዲነፋ ጠርዙ ጎበጥ ተደርጎ ይቆረጣል። ሲያቃና የኖረ እጇ ማጉበጥ አልለምድ አላት። ሰፍታ ትፈታለች፣ ፈትታ ትሰፋለች።

«አላልቅ ብሎሽ ነው» አሏት እትዬ አንድ ቀን፣ «ወይስ እንዲያልቅ አልፈለግሽም?»

መፍታቷን ቀጠለች። ሸራው ሲያልቅ እሱን የምታይበት ምክንያት አብሮ እንደሚያልቅ ታውቃለች።

አለቀ። ይዛው ስትሄድ ግን ቤት አላገኘችውም። ሐይቁ ዳር ባለች ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄዷል፤ ጀልባዋን በማግስቱ የጭነት መኪና ሊያደርስለት ነው። ጀልባዋ ሳሎኑን ሞልታዋለች። እናቱ በጎን በጎን እየተንሸራተቱ መጥተው አጠገቧ ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትቀየሚኝ። ልጄ ምኑ አስጠላሽ?»

«ኧረ እማማ! ምን ማለትዎ ነው?»

«የለካሽ ቀን ጠዋት መዶሻ ተውሶ መጥቶ ነበር። ትልቋን ካለች ግድግዳውን አፈርሰዋለሁ፣ ፍቀጂልኝ አለኝ። ፈቀድኩለት። ትንሿን ካለች ግን ብቻህን ሂድ ማለቷ ነው፣ ዳግመኛ አላስቸግራትም አለ። አንቺ ደግሞ ትንሿን አልሽው።»

ሸራው ከእጇ ተንሸራቶ እግሯ ሥር ተዘረጋ።

«እኔ እኮ ክፍሉን ነው የለካሁት» አለች ድምጿ እየተሰበረ። «ልክ የሚሆነውን ነው የነገርኩት። የምፈልገውን አልጠየቀኝም…»

እናቱ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ወይ ጉዴ! የሰው አፍ ሲያሳምር ይውላል፣ የራሱን ግን ከፍቶ አይናገርም። አንቺም ያው ነሽ! በይ ሸራውን አንሺ። ነገ በእጅሽ ታደርሺለታለሽ።»

በማግስቱ ሾፌሩ ሸራ ታቅፋ ቆማ ሲያያት ከላይ እስከ ታች ቃኛት። «እህቴ፣ ተሳፋሪ ነሽ ዕቃ?»

«ዕቃ ነኝ።»

«እንግዲያው እንዳትሰበሪ፤ መንገዱ ጎርባጣ ነው» ብሎ በሩን ከፈተላት።

ጥርስ ሠሪው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ሐይቁ ዳር ይጠብቅ ነበር። ስትወርድ አያት፤ ከዚያ መኪናው ውስጥ ሌላ ሰው ያለ ይመስል ከኋላዋ ተመለከተ። ጀልባዋን ከሾፌሩ ጋር አውርደው ውሃው ላይ አኖሯት፤ ምሰሶዋን አቆመ፤ ሸራውን ሰቀሉት። እስከዚያ ድረስ የተነጋገሩት «ያዢው»፣ «ሳበው» ብቻ ነው። ሾፌሩ ምሳውን በልቶ ሊወስዳት እንደሚመለስ ነግሯት ሄደ።

«በሰው ብትልኪውም ይደርስ ነበር» አለ እሱ።

«ትልቋን ነበር የምፈልገው» አለች።

ገመዱን እንደያዘ ቀረ።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። የፊት መቀመጫዋን። የለካሁት ግድግዳውን ነው፤ የኔን ፍላጎት ደብቄ ያዝኩት።»

ጆሮው ቀልቶ ነበር። ከዚያ ጀልባዋን በጠርዟ ያዘና፣ «ግቢ» አላት።

«አንድ ሰው ብቻ ነው የምትይዘው።»

«ማን ሠራትና!»

ገባች። እሱ ጀልባዋን በእጁ እየገፋ ከጎኗ በውሃው ውስጥ በእግሩ ይሄድ ጀመር። ውሃው ከጉልበቱ አለፈ፣ ወገቡ ደረሰ። ነፋስ መጣና ሸራው ሆዱን ነፋ፤ ጀልባዋም ወደ ጥልቁ ሳበችው። እጁን በእጇ ሸፈነችው።

«ከዚህ በላይ አልችልም» አለ፤ ውሃው ደረቱን ነክቶታል።

«እኔም ከዚህ በላይ አልፈልግም።»

ከዳር የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ቆየት ብሎ ደግሞ ረዘም አድርጎ ነፋ። ከዚያ ሞተሩ ተነሣ፣ ድምፁም ጎርባጣውን መንገድ ይዞ እየሳሳ ሄደ።

«መኪናው ጥሎሽ ሄደ» አላት።

«ሰማሁት» አለች፤ እጇን ግን አላነሣችም።