የአግነስ ልጅ

እኔ መንፈስ ቀርቶ ቡዳ የሚባለውንም የማላምን ሰው ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ ጆበርግ አጠገብ ቴምቢሳ የሚባል ሰፈር ሱቅ ስንሠራ አብረውኝ የነበሩት ሴቶች እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀምሩ ስቄ የማቋርጣቸው እኔ ነበርኩ።

እዚህ ጆበርግ የጓሮ ክፍል ያከራዩኝ ሚስ ሩት የሚባሉ ባልቴት ናቸው፣ ዓይናቸው ስለደከመ እሁድ ከሰዓት ሳሎናቸው ተቀምጬ ከእንግሊዝ አገር ያስመጡትን፣ በታይፕ የተገለበጠ የድሮ ደብር መዝገብ አነብላቸዋለሁ፣ የሚፈልጉት ከአራት መቶ ዓመት በፊት የኖረች አግነስ የምትባል የዘራቸውን ሴት ነው፣ የማን ልጅ እንደሆነች ግን ጠፋባቸው፣ ለካ እዚያ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ይወስዱባታል! «አባትየው ምን በደለ?» ብዬ አስቄያቸዋለሁ፣ እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባ ሰዎች!

ያን እሁድ ዶፍ ይዘንብ ነበር። የአግነስን ልጆች አንድ በአንድ ሳነብ «የአግነስ ሴት ልጅ፣ ሳትጠመቅ የሞተች» የሚል መስመር ላይ ደረስኩ፣ ስም የለውም። የኔም ልጅ በሰባ አንድ ቀኗ ነው የሞተችብኝ፣ ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ ክርስትና ልናስነሳት ለድግሱ ሽር ጉድ እያልን ነበር፣ ስትታመም ቄስ ጥሪ ሲሉኝ ይሻላታል፣ ይሻላታል እያልኩ ቆየሁ፣ ይኸው የክርስትና ስም ሳይኖራት አፈር ገባች። ይህን ለሚስ ሩት አንድም ቀን አውርቼላቸው አላውቅም።

ያኔ ነው የኮሪደሩ እንጨት ሲጥ ሲጥ ማለት የጀመረው፣ ልጅ አቅፎ እንደሚያስተኛ ሰው እየተመላለሰ፣ የውጭ በሩን እኮ ስገባ ቆልፌዋለሁ፣ ቁልፉም እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ቀና ስል ወለሉ ላይ የባዶ እግር እርጥብ ዱካ አየሁ፣ መጥቶ ወንበሬ ጋ ያበቃል፣ መመለሻ የለውም። ከዚያ ጆሮዬ ሥር አንዲት ሴት በቀስታ፣ በአማርኛ፣ «ስሟ ማን ነበር?» አለችኝ።



ሚስ ሩት አማርኛ አንዲት ቃል አያውቁም፣ ድምፁን ግን ሰምተዋል፣ ፊታቸውን ወደኔ አዙረው፣ «ሴትዮዋ እኮ እያለቀሰች ነው፣ መልሽላት እንጂ» አሉኝ።

አልመለስኩም። ዱካው ዓይኔ እያየ ደረቀ።

ልጄ ከሞተች ጀምሮ ሰው ሁሉ «እግዜር ያጽናሽ» ነው የሚለኝ፣ አባቷ እንኳ ስሟን አያነሳም፣ ስሟን ብሎ የጠየቀኝ ያ ድምፅ ብቻ ነው፣ እኔም ፈርቼ ዝም አልኩ። ሐሴት ነበር የምላት። አሁን ዝናብ በመጣ ቁጥር እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ «ሐሴት ነው ስሟ፣ ሐሴት» እላለሁ፣ ኮሪደሩ ሲጥ ሲጥ እያለ ይቀርባል፣ አጠገቤ ሲደርስ ዝም ይላል፣ ማንም ግን አይጠይቀኝም።