የእድሩ ድስት ክዳን

እኔ መሐል ሜዳ ከተማ ቪዲዮ ቤት የነበረኝ ሰው ነኝ፣ የማውቀው ሽቦና ብየዳ ነው፣ ጋኔን ምናምን ሲሉኝ እስቅ ነበር። ይህን ግን በዓይኔ ነው ያየሁት።

እናቴ አልጋ ይዛለች፣ የታናሽ እህቴ፣ የሙሉ፣ ሠርግ ደብረ ብርሃን ሲደገስ መሄድ አልቻለችም፣ የልጄን ፊት በቬሎ ሳላይ እንዳልሞት ትለኛለች። የሠርጉ ካሴት መጣ። ዴኩን፣ የካሴት ማጫወቻውን፣ ተሸክሜ ብወስድላት ይቻል ነበር፣ ግን ሥራ ይቆምብኛል፣ ደግሞ ጉራም አለብኝ፣ ያለ ገመድ ምስል የምትልክ ትንሽ ዕቃ ገዝቼ ነበርና በእሷ ላሳያት አልኩ። የዕቃዋ ምስል ከአጥሬ አያልፍም፣ የእማዬ ቤት ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ቁልቁል ነው። ከአንቴናዋ ኋላ ሰፊ ብረት ቢቆም ምስሉን ወደፊት እንደሚገፋው አውቃለሁ፣ የእድራችን ዕቃ ጠባቂም እኔው ነኝ፣ የትልቁን ድስት ክዳን አወጣሁ። የእድር ዕቃ ለለቅሶ ካልሆነ አይወጣም፣ ማን ያየኛል ብዬ ነው።

ከቀትር በኋላ ነው፣ ፀሐይ አለ። ክዳኑን አቁሜ፣ ካሴቱን ከፍቼ ወደ እማዬ ወረድኩ። እመነኝ፣ ምስሉ በእማዬ ቴሌቪዥን ጥርት ብሎ ገብቷል፣ ሚዜዎቹ ይጨፍራሉ፣ ሙሽራዋ ሙሉ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፣ እማዬ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። ሙሉ ልትዞር ስትል ምስሉ ጠፋና አፍ መጣ። አፍ ብቻ፣ ቴሌቪዥኑን ሞልቶ፣ ጥርስ የሌለው፣ ንፍሮ የሚያመነዥክ። የባቄላ ልጣጭ ከከንፈሩ ተለጥፏል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ኤጭ፣ ቤቱ ሁሉ የሻገተ ንፍሮ ሸተተ። ዘልዬ አጠፋሁት፣ መስታወቱ ጠቆረ፣ የማመንዠኩ ድምፅ ግን አልቆመም።

እማዬ አልደነገጠችም። «ይህን አፍ አውቀዋለሁ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የማን ነው ብዬ ሳልጠይቃት ሽቅብ ሮጥኩ። ቪዲዮ ቤት ስደርስ ሙሉ በቴሌቪዥኔ ውስጥ ፊቷን አዙራ ትስቃለች። ክዳኑን ሳነሳው ውስጡ ይሞቃል፣ የተላመጠ ባቄላ እጄ ላይ ተለጠፈ። በአሸዋ ስፈትገው አመሸሁ፣ ለማንም ሳልናገር መለስኩት።

ሲነጋ ዴኩን በትከሻዬ ተሸክሜ ወረድኩ፣ በሕይወት አልደረስኩባትም።

ለለቅሶዋ ትልቁ ድስት ወጣ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ በዚያው ክዳን ተከደነ። ሙሉ እያለቀሰች ለሰዉ ታዳርሳለች፣ እኔ ጥግ ይዤ ጥርስ የሌላቸውን ሽማግሌዎች አፍ አፋቸውን ሳይ ዋልኩ፣ ሁሉም ያንኑ አፍ ይመስላል። ለእኔም ዘግና ሰጠችኝ፣ ሳየው ባቄላው በለሃጭ ርሷል።